እርጥቡ አግዳሚ

አንኮበር፣ ጥቅምት ፳፭ ቀን ፲፰፻፹ ዓመተ ምሕረት

ይድረስ ለክርስትና አባቴና ለሙያ መምህሬ ለወልደአረጋይ፤ ሐረር።

«ልጄ፣ ስምህ ከአናጢዎቹ መዝገብ ገባ ወይ?» ብለው መጠየቅዎ አይቀርም። አልገባም። እርስዎ ዘንድ አራት ዓመት ተምሬ ስወጣ አገር ሁሉ የሚጠብቀኝ መስሎኝ ነበር። የሥራው አዛዥ ብርሃነ መስቀል ግን፣ የእርስዎ የክርስትና ልጅ ነኝ ብላቸው፣ «የማን ልጅ ነህ አላልሁህም፤ እጅህን ማን ያውቀዋል?» አሉኝ። ደንቡን ያውቁታል፤ መምህሩ «እጁን አውቀዋለሁ» ብሎ ካልማለ የተማሪው ስም አይጻፍም፤ ሥራው ቢፈርስም የማለው አብሮ ይጠየቃል። ሽማግሌዎቹ አናጢዎች፣ «መምህርህ ሐረር፣ አንተ አንኮበር፤ መሐላውን መንገድ ላይ ጅብ በላው» እያሉ ይስቁብኛል።

እስከዚያው ለፈተና የአይራራን ወንዝ ድልድይ እንድሠራ ሰጡኝ። አለቀ። ለከተራ ካህናቱ ታቦቱን ይዘው፣ ሕዝቡም ከኋላ ተከትሎ በእሱ ይሻገራሉ። እናቴ እናናየሁማ፣ «ልጄ በሠራው ላይ እልል እያልሁ እሄድበታለሁ» ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ ተናግራለች።

ይህን ደብዳቤ የጀመርሁት መሐላዎን እንዲልኩልኝ ልለምንዎ ብዬ ነበር። አሁን እጄ እምቢ አለኝ። ድልድዩን መሐል ላይ የሚሸከመውን ትልቁን አግዳሚ እንጨት በነሐሴ ቆርጬ በመስከረም ገጠምሁት። «ጥድ ተቆርጦ ዓመት ሳይተኛና ሳይደርቅ ሸክም አይችልም» ያሉኝን አልረሳሁም፤ ስሜ እስኪጻፍ መታገሥ አቃተኝ እንጂ። ሰኞ ከሥር ገብቼ ባይ ተሰንጥቋል። ያን ዕለት ጥፍሬ ብቻ ይገባበት ነበር፤ ዛሬ የመሮዬ አፍ ገባ። ስንጥቁን በጭቃ መረጉት። አባቴ፣ መረጉት ማለቴ ውሸት ነው፤ የመረግሁት እኔ ነኝ።

ለአዛዡ ልናገር ሦስት ጊዜ ሄድሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ምስማር ጠይቄ ተመለስሁ። ብናገር ዕድሜ ልኬን ስሜ አይጻፍም። ዝም ብል ደግሞ ካህናቱ ብዙ ናቸው፣ ታቹም ገደልና ድንጋይ ነው።

ስለዚህ አይማሉልኝ። «አግዳሚው ሳይለወጥ ማንም እንዳይሻገር» ብለው ለአዛዡ ይጻፉ። ይህን የሚያደርስልዎ የአልዩ አምባው ነጋዴ ዓወል ነው፤ «ኢንሻአላህ ከገና በፊት መልሱን ይዤ እመለሳለሁ» ብሎኛል።

የሐረር ፀሐይ አያድክምዎ፤ እግዚአብሔር ጉልበትዎን ይጠብቅልኝ። እባክዎ መልስ ይስጡኝ። ቃልዎ በጊዜው ካልደረሰ መናገሩ ለእኔ ብቻ ሊቀር ነው፤ እኔን ደግሞ አይመኑኝ።

የክርስትና ልጅዎ
ገብረአብ