አራት ረድፍ ድንጋይ

ማክሰኞ፣ ኦገስት 5
ዛሬም ሄድኩ። ነፋስ፣ አቧራ... ከክሊኒኩ ጀርባ ለአትክልት መደብ የሚሆን ድንጋይ ስንለቅም ዋልን። ነርሷ "ክኒኑ ብቻውን አይበቃሽም፣ አፈር ንኪ" ካለችኝ ይኸው ሦስተኛ ሳምንቴ። ስምንት ወጣቶች ነን፤ ሁላችንም የሆነ ነገር የጎደለን። እኔ ከልብስ ፋብሪካው ከተቀነስኩ ወዲህ ሰው መሀል ስቆም ደረቴን ያፍነኛል። ከመሀላችን ካትሌሆን መጠጥ ነው ያመጣው። ራሱ ነው የነገረኝ፣ መቼ ጠየቅኩት?

የሚያስተምሩን ሽማግሌው ሞኬሌ ናቸው፤ ንታቴ፣ አባታችን፣ እንላቸዋለን። ሠላሳ ዓመት ድንበር ተሻግረው ደቡብ አፍሪካ ማዕድን ቆፍረዋል። "ሁለት ሺህ ሜትር ወርጄ ያላገኘሁትን ምሳ አንድ ስንዝር ቆፍሬ አገኘሁት" ይላሉ። በየቀኑ ይሏታል፣ በየቀኑ እንስቃለን።

እህቴ ሊቴቦሆ ደወለች። ልጄ ሊፑኦ እሷ ጋ ከሄደች ስድስት ወር ሞላት። ሦስት ዓመቷ ነው... እናቷን አልጋ ውስጥ ብቻ የምታውቅ ልጅ። "ጠዋት ተነስተሽ ገንፎ ማብሰል ስትጀምሪ እመልስልሻለሁ" አለችኝ። ልክ ናት። የሚያናድደኝም ልክ መሆኗ ነው።

ሐሙስ፣ ኦገስት 14
ክብ መደብ ሠራን። ዙሪያው የድንጋይ ካብ፣ መሀሉ ላይ አመድና የምግብ ትርፍራፊ የሚጣልበት የጭራሮ ቅርጫት፣ በአንድ በኩል እስከ ቅርጫቱ የምታስገባ ጠባብ መንገድ። ከታች ቆርቆሮና አጥንት፣ ከላይ ፍግና አፈር። ካቡ ወገብ ድረስ ነው። ማጎንበስ ለማይችል በሽተኛ ታስቦ ነው አሉ ንታቴ ሞኬሌ። ለእኔ ነዋ። ሳጎነብስ ትንፋሼ ይቆረጣል።

ካትሌሆ አመዱን በነፋሱ አቅጣጫ ደፍቶት ፊቱ ላይ ተመለሰበት። "ሸበትኩ፣ ሚስት ፈልጉልኝ" አለ። ሳቅኩ። የኔው ድምፅ ነው እንዴ?

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 2
መደቡ ላይ የዘራነው ቆስጣ ብቅ አለ። ጥፍር አያክልም። ዝም ብዬ ሳየው ቆየሁ።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 11
አሁን ደግሞ እያንዳንዳችን በየቤታችን አንድ አንድ መደብ እንሥራ ተባለ። ችግኙን እነሱ ይሰጡናል። ድንጋዩን ጎረቤት በደቦ ይሸከማል። እሺ... ጎረቤቱን ማን ይጥራልኝ?

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 20
ማንም አልመጣም።

ለዘጠኝ ቤት በስልክ መልእክት ልኬ ነበር። አንድ ትልቅ ድስት ኮምጣጣ የማሽላ አጥሚት ሠርቼ እስከ እኩለ ቀን ጠበቅኩ። ከዚያ አልጋ ውስጥ ገባሁ። ሊቴቦሆ ይህን ብታይ ምን ትላለች?

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 23
ልቀር ነበር። ካትሌሆ መጥቶ በር ደበደበ። "አጥሚቱን ብቻሽን ጨረስሽው አሉ፣ ለኔም አታስቀሪም?" እየተነጫነጭኩ ሄድኩ።

ንታቴ ሞኬሌ ሲሰሙ ዶማቸውን አስቀመጡ። "በስልክ? ደቦ በስልክ?"
"አዎ..."
"ልጄ፣ እናትሽ በሕይወት ብትኖር ጆሮሽን ነበር የምትቆነጥጠው። ደቦ የሚጠራ ሰው በር ያንኳኳል፣ ቁጭ ይላል፣ ስለ ልጁ ስለ ከብቱ ይጠይቃል። ቅዳሜ ኑልኝ የሚለው መጨረሻ ላይ ነው። ናቀችን ብለው ነው የቀሩት።"

እኔ እኮ ፈርቼ ነው። ፍርሃትና ንቀት ከውጭ ሲያዩት አንድ ነው ለካ።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 25
አራት ቤት አዳረስኩ። የመጀመሪያው እሜ፣ እማማ፣ የምንላት የማጼኮ ቤት ነው፣ አጥር ለአጥር ነን። ሁለቴ በሯ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። በሦስተኛው አንኳኳሁ።

"ምነው፣ ስልክሽ ተሰበረ?" አለችኝ አሮጊቷ። ይገባኛል። ቁጭ አልኩና እውነቱን ነገርኳት፤ ሰው ፊት መቆም እፈራለሁ አልኳት። "ባሌ የሞተ ጊዜ እኔም ሰው በመጣ ቁጥር አልጋ ስር ነበር የምገባው። ይህን የሚያክል ሰውነት ይዤ" አለች። አብሬሽ ልዙር ስትለኝ፣ አይ ራሴ እሄዳለሁ አልኩ። ምን ነካኝ? ነገ አምስት ቤት ይቀረኛል።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 27
አሥራ አንድ ሰው መጣ። ካቡ ወገቤ ጋ ሲደርስ ሁለት ረድፍ ጨምሩልኝ ብዬ ለመንኩ፤ ጭራሽ እንዳላጎነብስ። "ለቀጭኔ ነው የምንሠራው?" አለ ካትሌሆ። ጨመሩልኝ። አጥሚቱ ተጠርጎ አለቀ። ጓዳ ገብቼ ትንፋሼን የሰበሰብኩት አንዴ ብቻ ነው።

እሑድ፣ ኦክቶበር 26
ሊቴቦሆ ሊፑኦን ይዛት መጣች። ነገ ይመለሳሉ። ቆስጣዬ ለምልሟል፣ ላሳያት ቸኩዬ እጇን ይዤ ወሰድኳት... ልጅቷ ግን የሚታያት ድንጋይ ብቻ ነው። ዘለለች። አልደረሰችም። "አሳዪኝ" ብላ አለቀሰች። አቀፍኳት፣ ክንዴ ዛለ፣ ሳወርዳት እንደገና ለቅሶ። ሊቴቦሆ ቆማ ታያለች።

ካቡን ማፍረስ ጀመርኩ። ያስጨመርኳቸውን ሁለት ረድፍ አነሳሁ። አሁንም አይታያትም። ከስር ደግሞ ሁለት። አፈሩ ተናደ፣ ችግኝ ወደቀ፣ መልሼ ተከልኩ። ስንት ጊዜ ጎንበስ ቀና እንዳልኩ እንጃ። ደረቴን እንዳላፈነኝ ያስተዋልኩት መጨረሻ ላይ ነው።

ሊቴቦሆ ቀሚሷን ሰብስባ ድንጋይ ታነሳልኝ ጀመር። "እኔን ለደቦ አልጠራሽኝም" አለች።
"ሩቅ ነሽ ብዬ ነው።"
"መጥተሽ ማንኳኳት ነበር።"

ሰኞ፣ ኦክቶበር 27
ሁለቱም ተኝተው ሳሉ ተነሳሁ። ገንፎ በቆስጣ። ሊፑኦ አንዱን ቆስጣ ከነሥሩ ነቅላ አመጣችልኝ። ይሁን፣ በላነው።

ሊቴቦሆ ብርድ ልብሷን እንደ ጋቢ ደርባ ወደ ታክሲው ወጣች። እኔ የልጅቷን ቦርሳ አንጠልጥዬ፣ ልጅቷን በሌላ እጄ ይዤ ተከተልኳት። አሁን ልትወስዳት ነው እያልኩ፣ እንዳላለቅስ ከንፈሬን ነክሼ። እሷ ገብታ ተቀመጠች።

"ቦርሳዋን ረሳሽው" አልኳት።
"አልረሳሁትም" አለችና በሩን ዘጋችው።

ታክሲው ሄደ። አለቀስኩ፣ እዚያው መንገድ ላይ፣ ሰው እያየኝ። ሊፑኦ ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ስታወራ ነበር፤ ምን እንዳለች አንዱም ትዝ አይለኝም። ደስ ብሎኛል።