ድንች ያወጣች ባለ ሦስት ጥርስ

ሰኞ፣ ኅዳር 9

አምስት ትልም ድንች አወጣሁ። አሥራ ሰባት ቀረኝ። ዶማው ግን አዋረደኝ። ሃያ ስምንት ድንች ገመሰብኝ። የተገመሰ አያድርም፣ ለዘርም አይሆንም፤ ጤነኛውንም ያበሰብሳል።

ነገሩ ከትናንት ነው። ልጄ የሺ ከደብረ ማርቆስ መጥታ፣ እማዬ ከሞተች ወዲህ ማን አለዎት፣ መሬቱን ለጎረቤት ለአያሌው በእኩል እንዲያርሰው እንስጥና እኔ ጋ ይግቡ አለች። ገብቼ ምን ልሆን? ደጅ ተቀምጬ ባጃጅ ልቆጥር? ድንቹን ብቻዬን አወጣዋለሁ አልኋት።

«እንግዲያው ቅዳሜ ለቅበላ እመጣለሁ። ድንቹ ሁሉ ሳይቆረጥ ወጥቶ ካገኘሁት አፌን እዘጋለሁ። አለዚያ ልብስዎን ይሸክፉ» አለች።

በጣቴ ቆጠርሁ። እስከ ዓርብ አምስት ቀን። እጅ ተማታን።

እራት፦ የተገመሰ ድንች ቅቅል።

ማክሰኞ፣ 10

አልቆፈርሁም። ያረጀ ማረሻ ይዤ ሮብ ገበያ ከተማ ቀጥቃጩ ዘንድ ሄድሁ። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ ድንችን ከላይ አትመታውም ነበር። ጣቶቿን ከፍታ ከሥሩ ገብታ ታቅፈዋለች። እሱ ትዝ አለኝ።

ቀጥቃጩ መንሽ ነው ወይስ መቆፈሪያ ቢለኝ፣ ከዚህ ብረት እጅ ሥራልኝ አልሁት። ሳቀ። ሠራው ግን። ሦስት ጥርስ፣ ስንዝር ስንዝር፣ ጫፉ ደነዝ፣ ወደ ውስጥ ጎበጥ ያለ። የወይራ እጀታ ቤት ነበረኝ፣ ገጠምሁለት።

እራት፦ ያው ቅቅል።

ረቡዕ፣ 11

ስምንት ትልም! አንድም የቆሰለ የለም። ብረቱ ከሥር ይገባል፣ ሳብ ስታደርገው ድንቹ እንደ እንቁላል ተንከባሎ ይወጣል።

አያሌው ድንበር ላይ ቆሞ ሲያየኝ ዋለ። «አያ በላይ፣ እየቆፈሩት ነው ወይስ እያበጠሩት?» አለኝ። ቅማል የለበትም፣ ያንተን ራስ አምጣ አልሁት።

ሊሄድ ሲል፣ ነገማ ሚካኤል ነው፣ ያርፋሉ አለኝ። ክው አልሁ። በጣቴ ስቆጥር መልአኩን ዘልየዋለሁ! ዘጠኝ ትልም፣ አንድ ቀን።

ሐሙስ፣ 12

በዓል ሽሬ አላውቅም፣ ዛሬም አልሻርሁ። ቤተ ክርስቲያን ዋልሁ። ቄሱ ነገሩን ሰምተው ነገ ደቦ እንውጣልዎ አሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ብቻዬን ነው ያልሁት አልኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ስመለስ አያሌው ማሳዬን በእርምጃ ይለካል። ያየሁት አልመሰልሁም።

ዓርብ፣ 13

ጎህ ሲቀድ ጀመርሁ። ሰባተኛው ትልም መጨረሻ ላይ እጀታው ቀጭ አለ፣ ተሰበረ። ሁለት ትልም ቀርቶኝ!

መሬት ላይ ተቀመጥሁ። አለቀልህ በላይ፣ ልብስህን ሸክፍ አልሁ። ኋላ ግን ብረቱን በእጄ ያዝሁና ተንበረከክሁ። ባለቤቴስ ተንበርክካ አልነበር? ወገቤም እፎይ አለ። ጀንበር ሳትጠልቅ የመጨረሻዋን ድንች አወጣሁ።

ጉልበቴ ተልጧል። ይላጥ።

ቅዳሜ፣ 14

የሺ መጣች። አያሌውም ተከትሎ ገባ። ትልሙን በእግሯ ቆሰቆሰች፣ ክምሩን ገለበጠች። የተቆረጠ አላገኘችም። «አባዬ፣ አንድም አልተቆረጠ?» አለች።

መዋሸት እችል ነበር። ሰኞ ሃያ ስምንት ገምሻለሁ፣ ሳምንቱን ሙሉ የበላሁት እሱን ነው አልሁ። ድስቱን ከፍታ አየች። አራት ቀርተዋል። አያሌው ጉሮሮውን ጠረገ።

የሺ ብረቱን አነሣች። ሦስት ጣቶቿን ጥርሶቹ ላይ አስተካክላ አስቀመጠች። ስለ ቀጥቃጩም፣ ስለ እናቷም አንድ ቃል አልነገርኋትም።

«የእማዬ እጅ ነው» አለች።

ከድስቱ አንዱን አንሥታ በላች። ጨው የለውም ብላ ተቆጣችኝ። ልብስዎን ይሸክፉ የሚለው ግን ከአፏ አልወጣም። ስለ መጪው ዓመት አልተነጋገርንም፤ እኔም አላነሣሁ።

አያሌው ብረቱን ሰኞ ያውሱኝ አለ። አውሰዋለሁ። መጀመሪያ ግን የወይራ እጀታ ቆርጦ ያምጣ። አጭር፣ ለሚንበረከክ የሚሆን።