የማታው ብርሃን

መካኒሳ፣ አዲስ አበባ
ዓርብ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምናፍቅህ ባለቤቴ ለጀማሉዲን፦

አሰላሙ ዐለይኩም። ደብዳቤ «እኔ ደህና ነኝ» ተብሎ ነበር የሚጀመረው። እኔ ግን ደህና አይደለሁምና በልጃችን ልጀምርልህ። ሂክማ ደህና ናት። የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ አፏን በእጇ ትከድናለች፤ «ለአባዬ እንዳትነግሪው» ብላ አስምላኛለች፣ እኔም ይኸው ነገርኩህ። እናትህም ደህና ናቸው። ይህን ስጽፍ ከአጠገቤ ቁጭ ብለው ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ ነው። አዎ፣ እዚህ መካኒሳ ናቸው። ራስህ ልከሃቸው እንዴት ትገረማለህ?

ማታ ስልክ እንዳላይ ሐኪም ስለከለከለኝ ነው በእጄ የምጽፍልህ። ወረቀቱን መሐሙድ ይዞልህ ይመጣል፤ ፈቃዱን ጨርሶ እሁድ ወደ ዱባይ ይመለሳል፣ መቼም አንድ ክፍል ውስጥ ስለምታድሩ በእጅህ ይሰጥሃል። ጽሑፌ መስመር ከሳተ አትፍረድብኝ፤ እስክሪብቶ ከያዝኩ ቆይቻለሁ።

ድምፅህን ከሰማሁ ሁለት ጁምዓ አለፈ። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። የአጎትህ ልጅ ኢስማኢል ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብሎ «ሚስትህ አርግዛለች» ብሎ ጽፎልሃል። አንተ ከሄድክ ሁለት ዓመት አልፏል፤ ቀሪውን ማንም ያሰላዋል። አንተም ለእኔ መደወሉን ትተህ ለእናትህ ደወልክ፣ «ሂጂና በዓይንሽ እዪልኝ» አልካቸው። የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። ተናድጄብሃለሁ፤ አልደብቅህም። እየተናደድኩብህ ደግሞ ትናፍቀኛለህ። ሁለቱ አብረው ሲመጡ እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። አንተ ስትሄድ ነፋስ ስልክ ያለው ቢሮአችን በወረቀት ነበር የሚሠራው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ የመኪና መለዋወጫው ሁሉ ነገር ኮምፒውተር ውስጥ ገባ፤ የማስገባው ደግሞ እኔ ነኝ። ጠዋት የተቀመጥኩ ማታ ነው የምነሳው። የፍሬን ሸራው፣ የኩሽኔታው፣ የፍሪሲዮኑ፣ የሁሉም ቁጥር እንደ ጤፍ የደቀቀ ነው። ከጀርባዬ መስኮት አለ፤ ከሰዓት በኋላ የጎረቤቱ ቆርቆሮ ነጸብራቅ መጥቶ ስክሪኑ ላይ ይተኛል። መጀመሪያ ዓይኔን አሸዋ የገባበት ያህል ቆረቆረኝ። ከዚያ ቁጥሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይታዩኝ ጀመር። ቀጥሎ ግንባሬንና ማጅራቴን ይዞ የሚወቅር ራስ ምታት መጣ። ታክሲ ላይ ስወጣ ያጥወለውለኛል፤ ቤት ስደርስ ግቢው ውስጥ ያለው ቧንቧ ጋ ጎንበስ ብዬ አስመልሳለሁ።

ባሏ የሌለ ሴት ቧንቧ ሥር ስታስመልስ የታየች እንደሆነ፣ ሰው ዓይኗን የሚጠረጥር ይመስልሃል?

መጀመሪያ ያየችኝ ጎረቤታችን ቤዚ ናት። ክፋት የለባትም። «ውይ ሀኒፍዬ፣ ቆይ ሎሚ ላምጣልሽ» ብላ ሮጠች። የሮጠችው ግን ወደ ኢስማኢል ሱቅ ነው። «ሎሚው ለማን ነው?» ሲላት ለእኔ መሆኑንና ምን እንደሆንኩ ነገረችው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሳምንት ሳይሞላ ሰፈሩ ሁሉ ሆዴን እያየ ሰላም ይለኝ ጀመር። አለቃዬ ወጋየሁ እንኳን ቢሮው ጠርቶኝ ጉሮሮውን ጠራረገና «የወሊድ ፈቃድ የምትወስጂ ከሆነ ቀደም ብለሽ አሳውቂን» አለኝ።

«እኔ ያመመኝ ዓይኔን ነው» አልኩት።

«እሱም ያው ከዚሁ ጋር ይመጣል፤ የኔዋም እንደዛ ሆና ነበር» አለኝ። እንግዲህ ይህን ሰው ምን ትለዋለህ?

ካሜራዬን ያጠፋሁብህ በዚያ ሰሞን ነው። ቀኑን ሙሉ ብርሃን ሲወጋኝ ውሎ ማታ የስልኩ ሲጨመርበት ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ይደርሳል። «ኔትወርክ ነው» ያልኩህ እዚያ በሰው አገር እንዳትጨነቅብኝ ብዬ ነው። በመጨረሻዋ ቀን «ክፈቺው!» ብለህ ስትቆጣ የፀሐይ መነጽር አድርጌ ከፈትኩልህ። አንተ ምን እንዳየህ አላውቅም። ስልኩን ዘጋኸው።

ጀማል፣ እኔ አንተን የማይበት ሌላ መስኮት የለኝም። ከሥራ ገብተህ ትራስህ ላይ ጋደም ስትል፣ እያወራኸኝ እንቅልፍ ሲወስድህ፣ ስልኩን እዘጋዋለሁ ብለህ ታስብ ይሆናል። አልዘጋውም። ግማሽ ፊትህ ብቻ ነው የሚታየኝ፤ ጆሮህና ጺምህ። እሱን እያየሁ እቆያለሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ ጺምህ ላይ ሽበት ሲወጣ ያየሁት በዚያች ስልክ ነው፤ ቅር እንዳይልህ ብዬ አልነገርኩህም። ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል ይላሉ። ከልቤ እንዳትርቅ ብዬ ዓይኔን ገደልኩት።

እናትህ ሳይነግሩኝ ነው ከወራቤ የመጡት፣ ቆጮና ቅቤ ተሸክመው። «ራሴን ያመኛል» ስላቸው «ነይ ቅቤ ልቀባሽ» አሉና ጉልበታቸው መሐል አስቀመጡኝ። ቅቤው ለራስ ምታቴ ነበር፣ ዓይናቸው ግን ለሆዴ። ቀሚሴን ከኋላ ሳብ እያደረጉ ሲለኩኝ ይታወቀኛል።  በነጋታው ደግሞ ምች ነው ብለው ዳማከሴ ጨምቀው አጠጡኝ። እሱን ስቀምስ ያው ወደ ቧንቧው ሮጥኩ። ስመለስ በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ፊታቸው ጠቁሯል።

«ሀኒፋ፣ ልጄ ምን በደለሽ?» አሉኝ።

እንደዚያ ቀን ከፍቶኝ አያውቅም። ስትሄድ እንኳን ኤርፖርት ላይ እንደዚያ አላለቀስኩም። «እማ፣ ይልበሱ፣ አብረን ሐኪም ቤት እንሄዳለን» አልኳቸው። ሻሻቸውን አስረው ተከተሉኝ።

ክሊኒኩ በር ላይ ትልቅ ዓይን ተስሏል። እሱን ሲያዩ ቆም አሉ።

«ይሄ እኮ የዓይን ነው።»

«አዎ፣ የዓይን ነው።»

«የምታስመልሺው በዓይንሽ ነው እንዴ?»

ከነንዴቴ ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ዶክተር ንግስት ትባላለች፣ ሐኪሟ። ራስ ምታቱንና ማስመለሱን ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ «እርጉዝ ነሽ?» ብላ ነው። «አይደለሁም፤ ባለቤቴ ዱባይ ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎታል» አልኳት። እናትህ ወለሉን ያዩ ጀመር። ዶክተሯ ፊደል አስነበበችኝ፣ በመብራት ዓይኔን አየች፣ ሌንስ እየቀያየረች «ይሄ ይሻላል? ወይስ ያኛው?» ስትለኝ ቆየች። ከዚያ ወንበሯን ሳብ አድርጋ «ኮምፒውተር ላይ ስንት ሰዓት ትቆያለሽ?» አለችኝ።

«ቀኑን ሙሉ።»

«ማታስ?»

«ማታ ስልክ ነው የማየው። ባለቤቴን። እንቅልፍ እስኪወስደው... ከወሰደውም በኋላ።»

እንዲህ ብዬ ለሰው ተናግሬ ስለማላውቅ አፈርኩ። ዶክተሯ ግን ምንም አልመሰላትም። ዓይኔ መነጽር እንደሚፈልግ፣ ያለ መነጽር ቀኑን ሙሉ ከስክሪን ጋር ሲታገል ራስ ምታቱን እንደሚያመጣው፣ ራስ ምታቱ ሲበረታ ደግሞ እንደሚያስመልሰኝ ለሁለታችንም አስረዳችን። ስክሪኑን ከነጸብራቁ አዙሪው፣ ብርሃኑን ቀንሺው፣ ማርገብገብ አትርሺ፣ በየመሃሉ ቀና ብለሽ ሩቅ ተመልከቺ አለችኝ። በመጨረሻም «ለጊዜው ደግሞ የማታውን ተዪው» አለች።

እናትህ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «የለም ልጄ፣ የለም! የቀኑን ትተወው እንጂ! የማታውማ የኔ ልጅ ነው!»

ዶክተሯ በሳቅ ፈነዳች። እኔ ግን አለቀስኩ። እናትህ እዚያው ሰው ፊት በሻሻቸው ጫፍ ጉንጬን ጠረጉልኝ።  ወጥተን ታክሲ ስንሳፈር የመስኮቱን ቦታ ለቀውልኝ «አየር ያግኝሽ» አሉኝ፤ ይቅርታቸው እሷ ነበረች።

አሁን መነጽር አድርጌያለሁ። ሂክማ «አስተማሪ መሰልሽ» ትለኛለች። ራስ ምታቱ ጨርሶ አልለቀቀኝም፣ ግን ቀለል ብሏል። ወጋየሁም ጠረጴዛዬን እንዳዞር ፈቅዶልኝ መስኮቱ በጎኔ ሆኗል። ሩቅ ተመልከቺ በተባልኩት መሠረት ወደ ፉሪ ተራራ አያለሁ። ከተራራው ወዲያ ዱባይ እንደሌለ አውቃለሁ። ቢሆንም ሩቅ ሲሉኝ ሌላ የሚመጣልኝ ነገር የለም።

እናትህ በዚያው ቀን ሊደውሉልህ ስልኩን አንስተው ነበር። የከለከልኳቸው እኔ ነኝ። «እኔ ልንገረው፤ ከእኔ ይስማው» አልኳቸው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብለው ስልኩን አስቀመጡት። እንግዲህ ይኸው ሁሉንም ሰማህ። አንድ ነገር ብቻ አሁንም አልጠራልኝም። እናትህ ባይመጡ፣ ሐኪሟም ባትኖር፣ ብቻዬን ሆኜ «ውሸት ነው» ብልህ ታምነኝ ነበር? በየቀኑ የምጠይቀው ይህንኑ ነው። መልሱን በደብዳቤ አልፈልገውም።

ረመዳን ሊገባ ሳምንት ቀርቶታል። አምና ለኢፍጣር ስንቀመጥ ሂክማ ስልኩን ብርጭቆ ላይ አስደግፋ በአንተ ቦታ አድርጋው ነበር፣ ትዝ ይልሃል? ዘንድሮ አንተን ለማየት ገና ፈቃድ የለኝም። ግን ዶክተሯ የከለከለችኝ ማየቱን ነው፣ መስማቱን አይደለም። ደውልልኝ። ካሜራውን አትክፈተው፤ እኔም መብራቱን አጥፍቼ ዓይኔን ጨፍኜ እሰማሃለሁ።

እናትህ «በርታ፣ ምግብህን አትዝለል» ብለውሃል። ሂክማ የሳለችውን መኪና ወረቀቱ ውስጥ አጥፌዋለሁ። አላህ ከዚያ አገር ሙቀትና ከሰው ምላስ ይሰውርህ። የሄድክበትን ሞልቶልህ፣ በስልክ ሳይሆን በእግርህ ወደ ደጃችን የምትገባበትን ቀን ያሳየን።

ስትደውል ግን አደራህን፣ በይቅርታ አትጀምርልኝ። ኢስማኢልንም አታንሳብኝ። ይህን ሰሞን ከባለሱቁ እስከ አለቃዬ ድረስ ሁሉም ስለ ሆዴ ጠይቆኛል። ከሐኪሟ በቀር ያመመኝን የጠየቀኝ ሰው የለም፤ አንተም አልጠየቅከኝም። መጀመሪያ «ራስ ምታቱ ተሻለሽ ወይ?» በለኝ።

ያንተዋ
ሀኒፋ