የታጠበው ሹራብ

ኦገስት 12
የትምህርት ቤቱ ፎቶ ኮፒ ማሽን ዛሬም ወረቀት በላ። ሦስቴ ከፍቼ ጎትቼ አወጣሁለት። ምሳ ሰዓት ላይ ኩሬያችን ወዳለበት ጥብቅ ስፍራ የመግቢያውን ቅጽ ሞላሁ። «የጉብኝቱ ምክንያት» ይላል። የእግር ጉዞ፣ ወፍ ማየት፣ ፎቶ ማንሳት፣ ሌላ። «ሌላ» የሚለውን መረጥኩና... ምን ልጻፍ? «ከአያቶቼ ጋር ለመተዋወቅ» አልኩ። ኮምፒውተሩ ተቀበለ።

ከሥራ ስወጣ ለአክስቴ ነገርኳት። በሳቅ ልትሞት! «የገዛ ኩሬያችንን ለማየት ቅጽ? ጉድ እኮ ነው! እናቴ እዚያ ስትወልደኝ ቅጽ ሞልታ ነበር ወይ ብለሽ ጠይቂያቸው።»

ሜቪስ ነው ስሟ። የእኔም ሜቪስ። እናቴ በእህቷ ስም ጠራችኝ፤ በሁለት ዓመቴ መንግሥት የጥቁር ልጆችን ሲሰበስብ ወስዶ ሩቅ ከተማ፣ አደላይድ፣ ለነጮች ሰጠኝ። ልብሴንም ቋንቋዬንም ቀየሩት። ስሜን ግን ማን እንደረሳው እንጃ፣ ሳይነኩት ቀረ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ስመለስ እናቴ የለችም። አክስቴ በር ላይ ቆማ «ትንሿ ሜቪስ!» አለች። በስሜ ነው ያገኘችኝ።

ኦገስት 16፣ ቅዳሜ
አክስቴ ግቢ ዋልኩ። ቢጫ ሹራቧን ለብሳ፣ የካንጋሮ ጭራ አመድ ውስጥ ቀብራ ውሾቹን ስትሳደብ። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ የኩላሊት እጥበት ነው። «ሰው የምሆነው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው» ትላለች።

እንደ ሕፃን ደግሜ ጠየቅኳት። እዚያ ስንደርስ ምንድን ነው የምናደርገው?

«ላቤን ከብብቴ ጠርጌ ፊትሽን እቀባሻለሁ። ከኩሬው ውሃ ቀድቼ አናትሽ ላይ አፈሳለሁ። ከዚያ የሞቱትን አያቶቻችንን እጣራለሁ። ሜቪስ ናት! የእህቴ ልጅ ናት! ወስደውብን ነበር፣ መጣች! እላቸዋለሁ።»

«ዝም ብዬ ብገባስ?»

«አሽትተው እንግዳ ናት ይሉሻል። ታመሽ ትመለሻለሽ። ሽቶ ደግሞ ታበዢያለሽ!»

ሳቅን። እኔ ግን ውስጤ ፈራ። ከእሷ ሌላ ማን አለኝ አውቃታለሁ የሚልልኝ?

ኦገስት 28
ሻርሊን ደወለች። የአክስቴ ልጅ። እዚያው ጥብቅ ስፍራው ውስጥ ጠባቂ ናት።

«ቅዳሜ መጥቼ እወስዳችኋለሁ። ፒካፑ ላይ ፍራሽ አነጥፍላታለሁ።»

«በዚያ ኮረኮንች? አጥንቷ ይረግፋል እኮ! ወንበሯን የሚያነሳ መኪና ለኦክቶበር 4 አስይዣለሁ። ሐኪሙም ፈርሟል።»

«አንቺ የከተማ ሴትዮ፣ ደህና የሆነችው አሁን ነው!»

«አምስት ሳምንት ምን አላት?»

ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ትዝጋ። ሥርዓት የማታውቅ!

ኦገስት 30፣ ቅዳሜ
አክስቴ ከጠዋት ጀምሮ ጫማ አድርጋ በር ላይ ተቀምጣለች። ሻርሊንን አስቀርቻታለሁ አልኳት። ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች። 

ሴፕቴምበር 12
ብርድ ልብስ፣ መድኃኒት፣ የሻይ ጣሳ፣ የወንበሩ ቀበቶ። ሁሉንም ከዝርዝሩ ላይ ሰረዝኩ። ደስ ሲል... ወዲያው ስልክ። እጥበት ላይ እንዳለች ራሷን ስታለች። ሆስፒታል አስተኝተዋታል።

ሴፕቴምበር 16
ትንሽ ይሻላታል። ተኝታ ስለነበር አልቀሰቀስኳትም። ስወጣ ነርሷ ፌስታል ሰጠችኝ። «ለትንሿ ሜቪስ፣ ለጉዞው፣ ብላለች።» ያ ቢጫ ሹራቧ። ከላይዋ ወርዶ አያውቅም። እሳት እሳት፣ ውሻ ውሻ፣ ላብ ላብ ይሸታል። ቤት ወስጄ በእጄ አጠብኩት። ሁለት ውሃ። ንጹሕ ለብሳ ትሂድ ብዬ... ፀሐይ ላይ እንዴት እንዳማረ!

ሴፕቴምበር 18
አጣጥፌ ወሰድኩላት። አፍንጫዋ ላይ አደረገችው።

«አጠብሽው?»

«አዎ! በደንብ ነው ያጠብኩት።»

ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ሳቀች፣ ሳል እስኪይዛት። «አይ ልጄ... እኔ ባልችል ላቤ አብሮሽ ይሂድ ብዬ ነበር እኮ።»

ምነው ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ስንቴ ነገረችኝ? ስንቴ ጠየቅኳት? በቃሌ ሸምድጄዋለሁ። እጄ ግን አደላይድ ያደገ እጅ ነው፤ ላብ ሲያይ ወደ ሳሙና ይሮጣል።

«በይ አልብሺኝ» አለች። «እንደገና ላብ አጠጣዋለሁ።»

አለበስኳት። ክፍሉ በረዶ ነው። ማቀዝቀዣውን አጥፉልኝ ብዬ ለመንኩ፤ ለሕንፃው ሁሉ አንድ ነው አሉኝ። ብርድ ልብስ ደረብኩባት። ሁለት። ሦስት። እጇን ስነካት ደረቅ ነው።

ሴፕቴምበር 23
ዛሬ ጠዋት። ሻርሊን አጠገቧ ነበረች። እኔ ፎቶ ኮፒ ማሽኑን እያስጠገንኩ ነበር።

ሴፕቴምበር 25
ሞታለችና ስሟ ከእንግዲህ አይጠራም። ስሟን የሚጋራ ሰውም በራሱ ስም መጠራት ይተዋል። ሐዘኑ እስኪወጣ፣ ዓመትም ይሁን ከዚያ በላይ፣ «ስሙ የማይጠራ» ለማለት ኩማንጃይ ነው የሚባለው። ደንቡን አውቃለሁ። ግን ጎረቤቷ «ኩማንጃይ፣ ነይ እዚህ ተቀመጪ» ስትለኝ ማንን ነው ብዬ ዞርኩ።

ከእናቴ የተረፈኝ ስሜ ብቻ ነበር። እሱንም ይዛው ሄደች። ይሁን፣ የእሷ ነው...

ልብሷን ሁሉ አቃጠሉ፤ እንደ ወጉ። ቢጫው መቼ እንደተቃጠለ አላየሁም። ሻርሊን አንዴም ቀና ብላ አላየችኝም።

ኦክቶበር 4
መኪናው መጣ። ወንበር የሚያነሳው። መሰረዝ ረስቻለሁ፤ እኔ! ሾፌሩ «ሁለት ሰው ነበር የተባልኩት» አለ። ይቅርታ ብዬ መለስኩት። በሰዓቱ ነው የመጣው፣ አንድ ደቂቃ እንኳን አላሳለፈም።

ኖቬምበር 5
ከቀብር በኋላ የመጀመሪያዋ መልእክት። «ቅዳሜ ነይ። ሽቶ እንዳትቀቢ። ሻርሊን።»

ኖቬምበር 9
ትናንት ሄድኩ። በሩ ላይ ያለው ማሽን የመግቢያ ወረቀት ተፋ፤ ስሜ በትልቁ ታትሞበታል። በመዳፌ ሸፈንኩት። ሻርሊን ሳታየው ተቀብላኝ አጥፋ ኪሷ ከተተችው። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን እስከ ኩሬው ድረስ ሄድን።

እዚያ ስንደርስ ከቦርሳዋ ቢጫውን ሹራብ አወጣች። ተቃጥሏል ብዬ ነበር እኮ።

«እስከመጨረሻው አላወልቅም አለች» አለችኝ። «ለአንቺ ነው። አስቀሪላት አለችኝ።»

አሸተትኩት። አሁንም አሸተትኩት። «ሳሙና ነው» አልኩ። «ሻርሊን፣ ሳሙና ብቻ ነው የሚሸተው!»

«የእነሱ አፍንጫ እንዳንቺ አይደለም። ዝም በይ።»

ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ አንገቴን በሹራቡ ጠረገችኝ፤ እያሻሸች፣ እስኪያመኝ። የራሷን ላብ ጨመረችበት። ውሃ አናቴ ላይ አፈሰሰች። ከዚያ ወደ ገደሉ ዞራ ተጣራች። ቋንቋውን ግማሽ ግማሹን ነው የምሰማው። ይሄን ግን ሰማሁ፣ ምነው ባልሰማሁ።

«እዩአት! ዛሬ ስም የላትም። እናቴን ያስቀረችባችሁ እሷ ናት። ሹራቡን ያጠበችውም እሷ ናት። ሩቅ አሳድገዋት ነው፣ አትቆጧት። እህቴ ናት።»

ከሆስፒታል ጀምሮ አላለቀስኩም ነበር። እዚያ ድንጋይ ላይ ተዘርፍጬ ጮኼ አለቀስኩ። ሻርሊን አላባበለችኝም። እሳት አያይዛ ሹራቡን ጨመረችው። ቶሎ አልነደደም።

«ጫማሽን አውልቂና ግቢ» አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ስፈታ ያቺ ቅዳሜ መጣችብኝ። በር ላይ። አክስቴ ጫማዋን ስታወልቅ። አንድ ቅዳሜ ነበር እኮ የፈለገችው! ገባሁ። ውሃው ጉልበቴን አላለፈም።

ዛሬ ጠዋት ከጥብቅ ስፍራው መልእክት መጥቷል። ጉብኝትዎ እንዴት ነበር? ከላይ ስም ይጠይቃል። ባዶውን ትቼ ላክሁት። ኮምፒውተሩ አልቀበልም አለ።