ደላላ አያስፈልግህም ላሉኝ ሊቀ መንበር

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ አራጌ፣ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር
ቆቦ፣ ነሐሴ 1979 ዓ.ም.

እንደምን ሰነበቱ? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ውሃ የማይገባበት ቤትዎም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት አለን።

እኔ ከማሉዲን፣ ከዋጃ መጥቼ ቆቦ ገበያ ጨርቅ የምሸጠው፣ በግንቦት የአቶ ፈንታውን ቤት ስገዛ ስለዋሉልኝ ውለታ በአደባባይ ላመሰግንዎ ወደድሁ።

አንደኛ፣ ቤቱን የሚያዩልኝን ደላላ፣ ጋሽ ገብረ ማርያምን፣ ይዤ ብመጣ ከበር መልሰዋቸዋል። «ደላላ የሰው ላብ የሚመጥ አድኃሪ ነው፤ ሻጩንም ገዢውንም ቀበሌው ይወክላል» ያሉኝን አልረሳሁም። ቀበሌው ማለት እርስዎ፣ ሻጩም የእህትዎ ባል መሆናቸውን ግን ከትሕትናዎ ብዛት ሳይነግሩኝ ቀሩ።

ሁለተኛ፣ ቤቱን ራስዎ ይዘው አሳዩኝ። ግድግዳው እስከ ወገብ ብቻ በአዲስ ጭቃ ተመርጎ ኖራ ተቀብቷል፤ ለምን ብዬ ብጠይቅ ለውበት ነው አሉኝ። አመንሁዎ። ከጓሮ የተዘረጋውን ደረቅ አሸዋም ለልጆች መጫወቻ ይሆናል አሉኝ። ይህንንም አመንሁ።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። በሐምሌ ከተራራው የወረደው ደራሽ ውሃ ያንኑ አሸዋ ተከትሎ በጓሮ በር ገባ። ባለቤቴ ሀጀራ አራስ ነበረች። ጩኸት ሰምቼ ከሱቅ ስሮጥ ብደርስ፣ አልጋ ላይ ቆማ ሕፃኗን ከራሷ በላይ ይዛለች። ጎረቤቶች ሁለቱንም በመስኮት አወጡልኝ። ለካ ውሃው ዓመት እየዘለለ እንደሚገባ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል! ለምን አልነገራችሁኝም ብላቸው፣ አጥር የምንጋራቸው እትዬ ደመቀች «መች ጠየቅኸን? ሊቀ መንበሩ ይዞህ ሲዞር እያየን አፋችንን እንዴት እንክፈት?» አሉኝ። ጋሽ ገብረ ማርያም ቢፈቀድላቸው ኖሮ ለማጣራት መጀመሪያ የሚያንኳኩት የእትዬ ደመቀችን በር ነበር።

ሽያጩ ይፍረስልኝ ብዬ ስመጣ፣ ሁለቱን ወገን የሚወክሉት እርስዎ «ወደህ ፈርመሃል» ብለው አሰናበቱኝ። ገዢውን የሚወክለው ግማሽዎ የዚያን ቀን የዓመት ፈቃድ ላይ ነበር መሰለኝ።

ሀጀራ ልጇን ይዛ ጎብዬ እናቷ ቤት ገብታለች፤ ወደዚያ ቤት ዳግመኛ እግሬን አላነሳም ብላለች። አልፈርድባትም። እኔ ብቻዬን ደለል እየዛቅሁ ነው።

ውለታዎን ከነጭቃው ተሸክሞ የሚኖረው፣ እጅ ነሺዎ
ከማሉዲን

ማሳሰቢያ፦ ሴት ልጅዎን ለጋብቻ ለመጠየቅ ከሮቢት ሽማግሌዎች እንደሚመጡ ሰማሁ፤ እንኳን ደስ ያለዎ። የወንዱን ልጅ ጠባይ ከጎረቤቶቹ የሚያጣራ የራስዎን ሰው ለመላክ እንዳይደክሙ፤ የልጁ አባት ሁለቱንም ወገን ይወክሉልዎታል።