ከሐምቡርግ የላክኸው ጭስ

ልጄ ናፓሪ፣ አላህ ባለህበት ይጠብቅህ። እዚህ አክራ ሁላችንም ደህና ነን፤ የእህትህ የዉንፒኒ ሳል ብቻ አልለቅ ብሏታል።

«ለትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች ልኬያለሁ» ስትለኝ ለሰፈሩ ሁሉ በኩራት አውርቼ ነበር። ማክሰኞ ኮንቴይነሩ ሲከፈት አንድም የሚሠራ ጠፋ። የሰፈሩ ልጆች መዳቡን አውጥተው ለመሸጥ የኮምፒውተሮቹን ሽቦ ከቤታችን ጀርባ አቃጠሉት፤ ጥቁሩ ጭስ ቤቱን ሞላው። ጎረቤቴ ሳናቱ አፍንጫዋን ይዛ መጣችና፣ «ልጅሽ የላከልን ይሄንን ነው?» አለችኝ።

«ተታሎ ነው እንጂ ልጄ እንዲህ አያደርግም» ብዬ ተቆጣኋት። ወዲያው ኮምፒውተሮቹ የመጡበት ካርቶን ላይ በገዛ እጅህ «የማይሠራ» ብለህ የጻፍከውን አየሁ። እያወቅክ ዋሸኸኝ፤ እኔን እናትህን!

ዕድሜና ጤና ይስጥህ። ሌላ ጭነህ ከሆነ እባክህ አውርደው። ለሳናቱ የሚነበበውንም መልስ አንተው ጻፍ፤ እኔ ከእንግዲህ አልሟገትልህም።

እናትህ መሙናቱ