የጾመኛ ደም

መጋቢት 28 ቀን 1997 ዓ.ም.
ዘመሮ፣ መንዝ

ይድረስ ሐዋሳ ላለችው ለልጄ ለማዕረግ፣

ጤናሽ ይብዛልኝ። እኔስ ደህና ነኝ ብዬ አልጀምርም፤ ተናድጃለሁ።

ያ የሆድ ቁርጠት ጀርባዬ ድረስ ዘልቆ ቢያጎብጠኝ፣ እናትሽ ከትናንት ወዲያ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ደም ቀዱኝ። ጥቂት ቆይቶ የላቦራቶሪው ሰውዬ ብልቃጧን ብርሃን ላይ አንስቶ አሳየን። ከደሜ ላይ ወተት የመሰለ ነገር ተንሳፍፏል። “ስብ ነው። አባባ፣ ቅቤ ይወዳሉ መሰለኝ” ብሎ ሳቀ።

በሁዳዴ እንዲህ ተባልኩልሽ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳልቀምስ የምውለው ሰው፣ ወረፋ ጠባቂው ሁሉ እየሰማ ጾም ገዳፊ ሆንኩ። ጎረቤታችን ጌጡም እዚያው ነበር፤ እስካሁን ዘመሮ ውስጥ ያልሰማ የለም። “ከቅቤ ጋር ከተያየን ወር ሊሞላን ነው!” ብዬ የላቦራቶሪው ሰውዬ ላይ ጮህኩበት።

ሐኪሟ ጩኸቴን ሰምታ ወጣች። አንቺን የምታክል ናት። ቁጣዬን እስክጨርስ ጠብቃ “መጾምዎን አምናለሁ። ምን ይጠጣሉ?” አለችኝ። ብርዱ ነዋ፣ ከዘጠኝ በኋላ አራት አምስት መለኪያ አረቄ አልኳት። አረቄ ጾም አይገድፍም፣ እንዲያውም ጮማ ይቆርጣል ሲባል ነው ያደግነው። እሷ ግን ምን አለች መሰለሽ? “አረቄውን ጉበትዎ ወደ ስብ ይለውጥና ደምዎ ውስጥ ይለቀዋል። ሕመሙም ከዚያ ነው። ካልተዉት ይገድልዎታል።”

እንግዲህ ፍረጂ። እኔ ከቅቤ ስሸሽ የገዛ ጉበቴ ስብ ሲሠራብኝ ከርሟል። ለማን አቤት ይባላል? ይኸው ሁለት ቀን አልጠጣሁም፤ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ንዴቱ ነው።

እናትሽ ቤት እንደገባን የአረቄ ማውጫዋን መቃ ሰባብራ ምድጃ ውስጥ ማገደችው። ምነው ብላት “ሃያ ዓመት በዚህ እጄ ቀዳሁልዎት” አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቀና ብላ አላየችኝም። መቆጣቷ እንዳይመስልሽ፣ ቁጣዋን አውቀዋለሁ።

እባክሽ ጻፊላት፤ እኔ ብነግራት አትሰማም። የቀዳችው እሷ ብትሆን ድገሚኝ ያልኩት እኔ ነኝ። አምና ልትቀንስብኝ ብትሞክር፣ መለኪያውን ግድግዳ ላይ የወረወርኩትም እኔ ነኝ። ይህን ለአንቺ ነግራሽ አታውቅም።

ፈጣሪ ለትንሣኤው በሰላም ያድርስሽ። እኛንም ሁለታችንን ያድርሰን።

አባትሽ
ፈንታ